ፊት ለፊት የሚተያዩ በሮች

ኢሳይያስ ያንን ቤት መጀመሪያ ያየው ሃይዌይ ተዘግቶበት ነው። ከኤርፖርት ተሳፋሪ ጭኖ ወደ ደቡብ ሲወርድ ከፊቱ ያለው መኪና ሁሉ ቆመ፤ ስልኩ ከአውሮራ ምሥራቃዊ ጫፍ ወዳለ የገጠር መንገድ አዞረው። ግራና ቀኙ ታጭዶ ያለቀ የስንዴ ማሳ ነበር። ማሳው ሲያልቅ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር፣ ረጅምና ዝቅ ያለ የድንጋይ ቤት አየ። ቫኑን ዳር አስይዞ አቆመ።

«ጎማ ነው?» አለው አንዱ ተሳፋሪ።

«አይ፣ ቤት ነው» አለ ኢሳይያስ። ያለው ነገር ለራሱም ሲገባው አፈረና መንዳቱን ቀጠለ።

በማግስቱ ብቻውን ተመልሶ መጣ። ኮሎራዶ ውስጥ በኖረባቸው ዓመታት ያያቸው ቤቶች ሁሉ ከእንጨትና ከቦርድ የተሰፉ ነበሩ፤ ግድግዳቸውን በጣት መታ ሲያደርጉት እንደ ባዶ ካርቶን ይጮኻል። ይህኛው አይጮኽም። ግድግዳው ክንድ ሙሉ የሚውጥ ጥርብ ድንጋይ ነው። መስኮቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ እያንዳንዱን አንድ የድንጋይ ምሰሶ መሃል ለመሃል ይከፍለዋል፤ ከበላዩ ደግሞ የዝናብ ውሃ መስታወቱ ላይ እንዳይወርድ ወደ ውጭ የወጣ የድንጋይ ቅንድብ አለው። ከሩቅ ሲያዩት ቤቱ የሆነ ነገር እያሰበ ያለ ሽማግሌ ይመስላል።

ቤቱ የሚሸጥ ነበር። የሚያሻሽጠው ሰው የሚያውቀውን ነገረው፦ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ የሠራው ከሰሜን እንግሊዝ፣ ድንጋይ ከሞላው ተራራማ አገር የመጣ ገበሬ ነው። ሌላ ዓይነት ቤት ስለማያውቅ የአባቱን ቤት እዚህ ሜዳ ላይ ደገመው። ድንጋዩን ከደቡብ ካለ ካባ በጋሪ አስመጣና በኖራ አያያዘው። ሰውና ከብት ባንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ፤ በምሥራቅ በኩል በረቱ፣ በምዕራብ በኩል የሰው መኖሪያ። በሁለቱ መካከል ቤቱን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሰነጥቅ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ በሁለቱ ጫፎቹ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት በሮች አሉት። የሳሎኑ ምድጃ ጀርባውን ለዚህ መተላለፊያ ሰጥቶ ተቀምጧል። ምድጃ ይባል እንጂ ሰው ቆሞ የሚገባበት የድንጋይ ጎጆ ነው። ከምድጃው ጎን፣ ልክ ከመተላለፊያው ወደ ሳሎን ሲገባ፣ ከሰው ቁመት ትንሽ የሚበልጥ፣ ጣሪያ የማይነካ አጭር ግድግዳ ብቻውን ቆሟል፤ በሳሎኑ በኩል ሥሩ ላይ የድንጋይ መደብ ተሠርቶለታል።

«ይሄ ግድግዳ ምን ይሠራል?» ብሎ ጠየቀ ኢሳይያስ።

ሰውዬው ትከሻውን ሰበቀ። «ብዙዎቹ ገዢዎች እሱን አፍርሰው ቴሌቪዥን ሊሰቅሉ ነው የሚያስቡት» አለው።

ሚስቱ ብርቅነሽ ዴንቨር ውስጥ አንድ ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ስትናገርም እንደ ነርስ ነው፣ በአጭሩና ሳታሽሞነሙን። ቤቱን ዞራ አየችና «ሰው በዚህ ዕድሜው ሙዚየም ይገዛል?» አለች። ኢሳይያስ ግን በእግሩ መሬት አልነካም። ድንጋዩን እየዳሰሰ፣ መስኮቱ ዳር እየተቀመጠ፣ የጣሪያውን ወራጆች ቆጥሮ ሳይጨርስ እንደገና እየጀመረ፣ ልጅ ሆኖ ነበር። እንዲህ ሆኖ ስታየው ከሠርጋቸው ወዲህ የመጀመሪያዋ ስለሆነ እንቢ ለማለት አቅም አጣች። የሞንትቤሎውን ቤታቸውን ሸጠው ይሄንን ገዙ። ብርቅነሽ ግን አንድ ቃል አስገባችው።

«እስከ ፋሲካ አየዋለሁ። ቤት ሆኖ ካገኘሁት እሰየው። ካልሆነ ለቤት ሠሪዎቹ እንሸጠዋለን፣ አለቀ።»

ቤት ሠሪዎቹ ከማሳው ማዶ አንድ ዓይነት ቤቶች በረድፍ እየደረደሩ ወደዚህ እየቀረቡ ነበር። የሚፈልጉት መሬቱን ብቻ ነው፤ የድንጋዩን ቤት በግሬደር ጠርገው እንደሚያነሡት አልደበቁም። ኢሳይያስ ቃሉን ሰጠ። በሐሳቡ ግን ቤቱን ማን ይጠላዋል ብሎ ነው።

ልጃቸው ሶሲ ደግሞ ነገሩን አጋጋለችው። ከፋሲካ በኋላ ልታገባ ነው፤ እጮኛዋ እንዳልክ ሂተርና ኤሲ የሚገጥም፣ መሣሪያውን እንደ ጽጌረዳ የሚወድ ልጅ ነው። ሶሲ ቤቱን ገና እንዳየች በመተላለፊያው ከበር እስከ በር ሮጠችና ጮኸች።

«ዳዲ፣ መልሴ እዚህ ነው! ኖ አዳራሽ፣ ኖ ሃቫና ስትሪት። እዚህ! በረቱ ውስጥ ሰው ይጨፍራል፣ እኛ እሳቱ ጋ እንቀመጣለን። ኦ ማይ ጋድ፣ ፎቶውን አስበው!»

«አሜሪካ ድረስ በረት ውስጥ ሊድሩሽ ነው የመጡት ይባላል» አለች እናቷ። ግን ፈገግ አለች። «እስቲ እናያለን። ልጄን የማልድርበት ቤት ቤቴ አይደለም።»

በጥቅምት ጓደኛና ዘመድ ቤቱን ሊመርቅ መጣ። ያን ቀን ውጭው ብራ ነበር፣ የሰሜኑም የደቡቡም በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እንግዶቹ በደቡቡ በር እየገቡ ሲያደንቁ እትዬ ዘርፈሽዋል ከመተላለፊያው መሃል ቆሙ። የኢሳይያስ ታላቅ እህት ናቸው፤ እናታቸው ስትሞት እሱን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፣ አሁንም አብረውት ይኖራሉ። ሳል አይለያቸውምና ነጠላቸውን አፋቸው ድረስ ሳቡ።

«ኢሳይያስ፣ ይሄ ምንድን ነው? በር ፊት ለፊት በር?»

«አዎ እትዬ፣ አሠራሩ ነው።»

«አሠራሩ? ሰው ሊገድል ነው እንዴ የሠራው? ንፋሱ እኮ በዚህ ገብቶ በዚያ ነው የሚወጣው! ይሄን የሠራ ሰው፣ ሰው የሚጠላ ሰው ነው።»

አዲስ አበባ ውስጥ በሙቀት ቀን የአውቶቡስ መስኮት የከፈተ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። መስኮት አንድ ሆኖ ከተከፈተ ይታገሡታል፤ ፊት ለፊት ያለው ሁለተኛው ሲከፈት ግን መንገደኛው ሁሉ ባንድ አፍ ይነሣል። ትይዩ ንፋስ አንገት ያጣምማል፣ ወገብ ይይዛል፣ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ያን ቀን ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዴንቨርና አውሮራ ለረጅም ዘመን ኖረዋል፤ ሆስፒታል የሚሠሩም አሉባቸው። አንዳቸውም ግን እትዬ ዘርፈሽዋልን «አይደለም» አላሏቸውም። ይልቅ ሁሉም እጁን እያርገበገበ ቀዳዳ ፍለጋ ተሠማራ።

«እዚህም ይገባል!» አለ አንዱ ከበረቱ። የበረቱ ግድግዳ ላይ ቁመታቸው ክንድ የሚያህል፣ ስፋታቸው ከእጅ የማይበልጥ ክፍተቶች በረድፍ ነበሩ።

«እዚህም!»

«ኧረ ይሄ ቤት አይደለም» አለ የኢሳይያስ የሥራ ባልደረባ ደምሰው፣ አንዱን ክፍተት በአፉ እየነፋ። «ዋሽንት ነው የገዛኸው።»

ሁሉም ሳቀ፤ ኢሳይያስም ሳቀ። ግን የቤቱ መሰደብ ቆረቆረው፣ የእህቱ ሳልም አሳሰበው። በማግስቱ ፎምና ቦርድ ገዝቶ መጣ። የሰሜኑን በር መዝጊያ ወደ ውጭ ከፍቶ ከግድግዳው ጋር አሰረው፣ የበሩን አፍ በወፍራም ፎም ሞላ፣ በላዩ ጂፕሰም ቦርድ ለጠፈ፣ ዳር ዳሩን አሸገ፣ ቀለም ቀባው። የበረቱን ክፍተቶች አንድ በአንድ በሚነፋ ፎም ደፈነ። መስኮቶቹንም ጠርዝ ጠርዛቸውን አሸጋቸው። ሥራው ጥሩ ነበር፤ እንዳልክ ሳይቀር መጥቶ አደነቀለት።

እትዬ ዘርፈሽዋል የተዘጋውን በር በመዳፋቸው እየደባበሱ «አሁን ቤት ሆነ» አሉ።

ብርዱ ሲመጣ ግን ድንጋዩ ማላብ ጀመረ።

መጀመሪያ የሰሜኑ ግድግዳ ጠዋት ጠዋት ረጠበ፤ ኢሳይያስ በፎጣ ጠረገው። ቀጥሎ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከድንጋዩ ላይ ይራገፍ ጀመር። ከዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ የተሰቀለው ካፖርት ሻገተ። ከሁሉ የባሰው ምድጃው ነበር፤ እሳት በተያያዘ ቁጥር ጭሱ ጥቂት ወደ ላይ ይሞክርና ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ሳሎን ይመለሳል። ኢሳይያስ ጭስ ማውጫ የሚጠርግ ሰው ጠራ። ሰውዬው ጣሪያ ወጥቶ፣ መብራት ሰድዶ፣ ምንም እንዳልዘጋው፣ ድንጋዩም ጤነኛ እንደሆነ ነገረው። ኢሳይያስ ደስ ሊለው ሲገባ ባሰበት፤ የሚጠገን ነገር ቢገኝ ይሻለው ነበር።

አንድ ቀን ብርቅነሽ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ፊቱ ቆመች።

«ዛሬ አንዷ በሽተኛ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ካምፒንግ ነበርሽ እንዴ?› አለችኝ። ዩኒፎርሜ ጭስ ጭስ ይሸታል፣ ኢሳይያስ።»

«ትንሽ ታገሺኝ።»

«ታግሻለሁ። ድንጋዩ ነው የማይታገሠኝ። የሃቫና ስትሪቱን አዳራሽ አስይዣለሁ። ባለቤቱ እስከ ቅዳሜ ማታ አዎ ወይም አይ በይኝ ብሏል። ቅዳሜ እሳት አንድዱ። ሳሎን ውስጥ ሰው ተቀምጦ መተንፈስ ከቻለ መልሱ እዚህ ይሁን። ካልቻለ መልሱ አዳራሽ ነው፣ ሰኞ ለቤት ሠሪዎቹ እደውላለሁ። ፋሲካ እስኪደርስ የሚለወጥ ነገር አይታየኝም።»

ኢሳይያስ ፎጣውን አንሥቶ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሌላው ቢቀር ልክ ነች፤ ቃሉን የሰጠው ራሱ ነው።

ቅዳሜ የሁዳዴ ጾም መሃል ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ከሰሜን ግን ጆሮ የሚቆርጥ ንፋስ ይነፍሳል። እንዳልክ ጎማ የሚያህል ማራገቢያ በፒክአፑ ጭኖ ከሶሲ ጋር መጣ።

«ጋሼ፣ አይጨነቁ» አለ ማራገቢያውን ወደ ኩሽና እየተሸከመ። «ይሄንን መስኮቱ ላይ እገጥመዋለሁ፤ ጭሱን ስቦ ወደ ውጭ ይተፋዋል። ቀላል ነው። እንዲያውም እቺን አጭር ግድግዳ ብናነሣት አየሩ እንደልብ ይንቀሳቀሳል፣ ለሙሽሮች መቀመጫም ቦታ ይገኛል።»

«ግድግዳዋን አትንካ።»

«አይ፣ ለምንም ስለማትጠቅም ነው እንጂ…»

«ዛሬ አትንካ አልኩህ እንዳልክ። ነገ ቤቱ የእኛ ካልሆነ ሌሎቹ ይነኩልሃል።»

ሶሲ አባቷን አየችው፣ ቀጥላ እጮኛዋን በክርኗ ጎሸመችው። እንዳልክ ማራገቢያውን ወደመግጠሙ ሄደ።

ኢሳይያስ ከምድጃው ሥር ተንበርክኮ እንጨቱን ደረደረ። ብርቅነሽ ስልኳን ይዛ ከመስኮቱ ዳር ቆመች። እትዬ ዘርፈሽዋል ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ «አምላኬ፣ ለወንድሜ ስትል» እያሉ በመተላለፊያው አድርገው ወደ በረቱ ወገን ተሻገሩ፤ መጸዳጃ ቤቱ እዚያ ነው። ኢሳይያስ ክብሪቱን ጫረ።

እሳቱ ወዲያው ያዘ። ቀጭን ጭስ ወደ ላይ ወጣ፤ ሁሉም አንገታቸውን አሰገጉ። ወጣ፣ ወጣ…

«እየወጣ ነው!» አለች ሶሲ እያጨበጨበች። «ማሚ፣ እየወጣ ነው፣ ሉክ!»

ጭሱ ቆመ። ከምድጃው ጉበን ሥር ተጠቀለለ፣ ተንከባለለ፣ እንደ ወፍራም ሱፍ ወደ ሳሎኑ ተዘረጋ።

«ማራገቢያውን!» ብሎ ጮኸ ኢሳይያስ።

እንዳልክ ሮጦ ማብሪያውን ጫነ። ማራገቢያው አገሳ። ጭሱም ይህን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ከምድጃው እየተግተለተለ ወረደ። ያለው ብቻ ሳይሆን ጭስ ማውጫው ውስጥ የወጣው ጭምር ተመልሶ መጣ። ጣሪያው ላይ ያለው አላርም መጮህ ጀመረ፣ ቀጥሎ የመኝታ ቤቱ፣ ቀጥሎ የኩሽናው።

«አጥፋው! አባሰው እኮ!»

«የት ነው፣ ምንም አይታየኝም ጋሼ!»

ብርቅነሽ በመተላለፊያው ሮጣ የደቡቡን በር በረገደችው። ጭሱ ከሳሎኑ ወጥቶ በእሷ ላይ እያለፈ ወደ በሩ ጎረፈ፤ ከምድጃው የሚወርደው ግን አልቀነሰም። እየሳሉ፣ እየተጓተቱ ሁሉም በደቡቡ በር ወደ ግቢው ወጡ። ዓይናቸው ያነባል። ኢሳይያስ ጎንበስ ብሎ ጉልበቶቹን ያዘ፤ ከጭሱ ይሁን ከሌላ ነገር የሱም ዓይን ያነባ ነበር።

«አክስቴስ?» አለች ሶሲ።

ሁሉም ዞሩ። እትዬ ዘርፈሽዋል የሉም።

«እትዬ!» ኢሳይያስ ሻርፑን አፉ ላይ ጠምጥሞ ተመልሶ ገባ። መተላለፊያው በጭስ ተሞልቶ የራሱ እጅ አይታየውም። ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከተዘጋው የሰሜን በር በኩል፣ ድም! የሚል ድምፅ ሰማ። ደግሞ ድም!

እትዬ ዘርፈሽዋል ከመጸዳጃ ቤት ሲወጡ ከፊታቸው የጭስ ግድግዳ አጋጥሟቸዋል። በደቡቡ በር ለመውጣት በዚያ ማለፍ አለባቸው። አጠገባቸው ያለው ደግሞ ወንድማቸው ለሳቸው ጤና ሲል ያሸገው በር ነው። ብዙ አላሰቡም፤ ጂፕሰም ቦርዱን በከዘራቸው ይነድሉት ጀመር።

«እትዬ፣ መጣሁ! ይተውት!»

«ምኑን ልተወው! ልታፍነኝ ነው?» ድም! «ወይ በር አበጅ፣» ድም! «ወይ ጭስ አታብጅ!»

ቦርዱ ተሰነጠቀ። ኢሳይያስ ሲደርስ እሳቸው ትከሻቸውን አስደግፈው እየገፉ ነበር፤ እሱም አብሮ ገፋ። ፎሙ ከነቦርዱ ከአፉ ተላቀቀና ወደ ውጭ ተገነደሰ። የሰሜን ንፋስ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ፊታቸው ላይ ተደፋ። እትዬ ዘርፈሽዋል አየር እየማጉ መቃኑን ይዘው ቆሙ።

ኢሳይያስ እህቱን ደግፎ ሊያወጣቸው አንድ እግሩን ከደፉ አሻግሮ ነበር፤ ከጀርባው ግን አንድ ድምፅ ሰማ። ዝቅ ያለ፣ ወፍራም፣ እንደ ሩቅ ባቡር ያለ። ዞረ። በመተላለፊያው ያለው ጭስ እየሳሳ ነበር። የደቡቡ በር ከነብርሃኑ ታየ፤ ሶሲም እዚያ ቆማ ታየች።

«ዳዲ!» ድምጿ ተሰብሮ ነበር። «ሉክ አት ዘ ፋየር! እሳቱን እየው!»

ሮጦ ሳሎን ገባ። እሳቱ ቆሞ ነበር፤ ቀጥ ብሎ፣ ቢጫና ንጹሕ ሆኖ፣ ሰው የሚያህል ነበልባል። ድምፁ የሱ ነው። ጭሱ ከሳሎኑ ማዕዘናት ሁሉ እየተሰበሰበ፣ ጉበኑን እየታከከ ወደ ላይ ይነጉዳል። ጣሪያው ሥር ያለው ሳይቀር ስሙ የተጠራ ይመስል ዞሮ ወደ ምድጃው ይሄዳል።

«የደቡቡን በር ዝጉት!» አለ ኢሳይያስ፣ ለምን እንዳለው ሳያውቅ። ብርቅነሽ ገፋ አድርጋ ዘጋችው። እሳቱ ይበልጥ ጮኸ።

ማራገቢያውን ሊያጠፋ ተመልሶ የገባው እንዳልክ ከኩሽና ብቅ አለ፤ ፊቱ ጥቀርሻ ነው። እሳቱን አየ፣ የተገነጠለውን በር አየ፣ ከዚያ በመዳፉ ግንባሩን መታ።

«ኢንቴክ! ጋሼ፣ ኢንቴክ አልነበረውም እኮ! እሳት የሚበላው አየር በየት ይግባ? ሁሉንም አሽገነዋል! እኔ ደግሞ ያለችውን አየር በማራገቢያ ጠጥቼ ጨረስኩበት፤ ጭሱ ምን ያድርግ፣ በጭስ ማውጫው ተመልሶ መጣ። ሂተር ስገጥም መጀመሪያ የማየው ነገር እኮ ነው! እንዴት? እንዴት አላየሁም?»

«ድንጋይ ስለሆነ ነዋ» አለች ሶሲ እየሳቀችም እያለቀሰችም። «እንደ ማሽኖችህ ቢጮኽ ኖሮ ታየው ነበር።»

ኢሳይያስ ግን እየሰማ አልነበረም። ወደ መተላለፊያው ወጣ፣ ተመልሶ ገባ፣ ደግሞ ወጣ። ንፋሱ በሰሜኑ በር ይገባል፣ በመተላለፊያው ይወርዳል፣ አጭሩን ግድግዳ በጀርባው ታክኮ ያልፋል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ታጥፎ ወደ እሳቱ ይገባል። በእጁ መዳፍ እየተከተለው ሄደ። «በዚህ ነው የሚሄደው» ይል ነበር ለራሱ። «በዚህ… ከዚያ በዚህ…»

እትዬ ዘርፈሽዋል ከዘራቸውን እየጎተቱ ገቡ፤ ነጠላቸው ነጭ መሆኑ አይታወቅም። የት እንደሚቀመጡ ሳይመርጡ ከአጭሩ ግድግዳ ሥር ባለው የድንጋይ መደብ ላይ ዘፍ አሉ።

«እትዬ፣ እዚያ አይቀመጡ!» አለች ብርቅነሽ ደንግጣ። «የበሩ ንፋስ…»

«ቆይ» አሉ እትዬ ዘርፈሽዋል እጃቸውን አንሥተው። አንገታቸውን ወዲህና ወዲያ አዞሩ። ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ አደረጉ፤ ይህን ቤቱ ውስጥ ሲያደርጉ ያየ ሰው አልነበረም። «የት ሄደ?»

«ምኑ?»

«ንፋሱ ነዋ! አሁን በሩ ጋ ፊቴን ሲልጠኝ አልነበረም? እዚህ የለም።»

እንዳልክ ከኪሱ ሶፍት አውጥቶ ቀደደና ከግድግዳው አናት በላይ ያዘው፤ ሶፍቱ ወደ እሳቱ ተዘርግቶ ተርገበገበ። ቀስ እያለ ወደ እትዬ ዘርፈሽዋል ጆሮ አወረደው። ሶፍቱ ዝም ብሎ ተንጠለጠለ። ሶሲ ነጠቀችውና ራሷ ሞከረች፤ ከላይ ይበራል፣ ከታች ይሞታል። ብርቅነሽም ተቀብላ ሞከረች፤ ነርስ ነችና ሰው የነገራትን ሳትለካ አታምንም። ለትንሽ ጊዜ ሁሉም እንደ ሕፃን በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ይሻሙ ነበር።

«ለካ እሱም ይፈራ ነበር!» አሉ እትዬ ዘርፈሽዋል ድንገት፣ ጀርባቸው ያለውን ድንጋይ በመዳፋቸው እየመቱ። «ለካ ንፋስ የሚፈራ ሰው ነው የሠራው! እሳቱ ጋ የምትቀመጥ እናት ነበረችው፣ ወይ እንደኔ ያለች እህት። ንፋሱን በጀርባዋ አሳለፈላት። እኔ ደግሞ ሰው የሚጠላ ብዬ ሰደብኩት፤ ነፍሱን ይማረው!»

ኢሳይያስ ይህን ሲሰማ ሊቆም አልቻለም። ቢላዋ ይዞ ወደ በረቱ ሮጠ፤ እንዳልክ ካቻቢቴ ይዞ ተከተለው፣ ሶሲ የኩሽና ማንኪያ ይዛ። ከግድግዳው ክፍተቶች የደረቀውን ፎም እየፈለፈሉ፣ እየጎለጎሉ ማውጣት ጀመሩ። አንዱ በተከፈተ ቁጥር አንድ ቀጭን የፀሐይ ስንጥቅ ወለሉ ላይ ይወድቃል፣ ሶሲም እልል ትላለች። ኢሳይያስ እያወራ ነበር፤ ማን እንደሚሰማው አልገደደውም። ክፍተቶቹ በውጭ ጠባብ፣ በውስጥ ሰፊ ሆነው የተጠረቡት ዝናብ ሳይገባ አየር እንዲገባ ነው፤ የከብቱ ትንፋሽ የሚወጣበት ነው፤ የሰው ትንፋሽም፣ የድስቱም እንፋሎት፣ የሻወሩም፣ ሁሉም በነዚህ ነው የሚወጣው፤ እኛ ስንዘጋቸው መሄጃ አጥቶ ድንጋዩ ላይ አረፈ። ድንጋዩ አልታመመም! ላብም አይደለም! የኛው ትንፋሽ ነው!

«ጋሼ፣ እስቲ ቀስ ይበሉ፣ እጅዎን ይቆርጡታል» አለው እንዳልክ፤ ራሱ ግን ከሱ ይፈጥን ነበር።

ብርቅነሽ ከበረቱ መግቢያ ቆማ ታያቸው ነበር። ወደ ሳሎን ተመለሰችና መዳፏን የሰሜኑ ግድግዳ ላይ አሳረፈች። አሁንም እርጥብ ነው። ወዲያው እንደማይደርቅ ታውቃለች፤ ካፖርቱም እንደ ሻገተ ነው፤ መጋረጃው ሁሉ መታጠብ አለበት። በረጅሙ ተነፈሰች። አየሩ ቀዝቃዛና ንጹሕ ነበር፤ ካሳለች ቆይታለች።

ስልኳ ጠራ። ኢሳይያስ ከበረቱ ሰማውና ቢላዋው እጁ ላይ ቀረ። ወደ ሳሎኑ በር መጣ፤ ፀጉሩ ላይ የፎም ፍርፋሪ አለ። ማን እንደደወለ መጠየቅ አላስፈለገውም።

«ሄሎ… አዎ፣ እኔ ነኝ… ቅዳሜ ብለውኝ ነበር፣ አዎ…» ብርቅነሽ ስልኩን በመዳፏ ሸፍና ባሏን አየችው። ፊቷ ላይ ምንም ማንበብ አይቻልም ነበር። «ኢሳይያስ።»

«እ?»

«በረቱ ሁሉንም እንግዳ አይይዝም።»

«አይይዝም» አለ ኢሳይያስ።

«እና ድንኳኑን የት ነው የምትተክለው?»

ኢሳይያስ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ቢላዋውን መስኮቱ ዳር አስቀመጠ።

«በደቡብ በኩል ነዋ!» አሉ እትዬ ዘርፈሽዋል ከመደባቸው ላይ። «ቤቱ ንፋሱን ይከልለዋል። ምን ያስጠይቃል? ሴትዮ፣ ሰውዬውን ስልክ ላይ አታቁሚው፣ ጾመኛ ይሆናል።»

ብርቅነሽ መዳፏን ከስልኩ አነሣች። «ይቅርታ፣ አዳራሹን ለሌላ ሰው ይስጡት። መልሱ ቤታችን ነው» አለች።

የሶሲ ጩኸት ከአላርሙ በለጠ። እንዳልክ እሷን ልቀፍ ወይስ አማቱን ልቀፍ ብሎ ሲያመነታ ሁለቱንም ስቶ ከካቻቢቴው ጋር ቆሞ ቀረ። ኢሳይያስ ግን እዚያ አልነበረም። በደቡቡ በር ወጥቶ ግቢው ውስጥ በረጃጅም እርምጃ ድንኳን ይለካ ነበር፤ ጃኬት አልደረበም፣ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፣ ቁጥሩ ሲጠፋበት ይስቅና ከቤቱ ግድግዳ ሥር እንደገና ይጀምራል።